የጥቁሯ ላም ቀይ ጥጃ

ባለፈው ቅዳሜ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ስንሄድ ባጃጃችን ከገበያ የሚመለሱ ከብቶች መሀል ገብቶ ቆመ። ከአንዲት ጥቁር ላም ኋላ ቀይ ጥጃ ትሮጣለች። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል የገባችው ልጄ አንገቷን አውጥታ አየችና፣ «ይቺ የእሷ ልጅ አይደለችም» አለች።

«ናት!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ደንግጦ ዞረ። ምን ላድርግ፣ በዚህ ጉዳይ ዛሬም ቀልድ አላውቅም።

እኔም ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ የሶዶ ነጋዴ የሆኑትን የጋሽ ተፈራን ላም ያረባ ነበር። ላሟ የእሳቸው፣ ሣሩና ልፋቱ የእሱ፣ የሚወለደው የጋራ። ሚስታቸው እትዬ አሰገደች የክርስትና እናቴ ናቸው፤ መስቀልን ያለ እነሱ በልተን አናውቅም። ላሟ ጥቁር ናት፤ ያስጠቃናት የጎረቤት ኮርማም ጥቁር። የተወለደችው ጥጃ ግን እንደ ሸክላ ቀይ ሆና አረፈችው።

ጋሽ ተፈራ መጥተው አዩአትና፣ «ሳና፣ የእኔን ጥጃ የት አደረስካት?» አሉ።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጥጃዋ ይቺው ናት» አለ አባቴ።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ስትወለድ አይተሻል?»

ትምህርት ቤት ነበርኩ። «አላየሁም» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

አባቴ በዚያው ሳምንት በዴሳ ገበያ ሄዶ ነበርና፣ «ጥቁሯን ሸጦ ቀይ ገዛ» ለሚል ሐሜተኛ ይህ በቂ ነው። ፍንጭቱን እያሳየ ሲስቅ የሚውል ሰው ጥርሱን ማየት ቸገረን። ጥጃዋንም ስም ነፈጋት፤ «ሌባ የተባለ ሰው ስም አያወጣም» አለ። እኔ አባቴን አምነዋለሁ። ጥጃዋ ግን ቀይ ናት፣ እሱን ምን ላድርገው?

ክረምቱ ሊገባ ሲል የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ህዋስ ጀመረች። በአንዲት ማይክሮስኮፕ ተሰልፈን የሽንኩርት ልጣጭ አየን፤ ሌሎቹ ህዋስ አየን አሉ፣ እኔ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥላ ስለ ዘር ውርስ ስታስተምር ግን ጆሮዬ ቆመ። የአተር አበባ ሥላ፣ «ሐምራዊው ነጩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ተደብቆ ቆይቶ በልጅ ልጅ ይወጣል» አለች።

«ቲቸር፣ ለከብትም ይሠራል?» ክፍሉ አውካካ። «ሁለት ጥቁሮች ቀይ ይወልዳሉ?»

«ሁለቱም ቀዩን ደብቀው ከያዙ፣ አዎ። ከአያቶቹ ቀይ ነበረ ወይ ብለሽ ጠይቂ።»

እፎይ አልኩ። ገና ምንም ሳይረጋገጥ እፎይ አልኩ።

ደወሉ ሲደወል ወደ ቤት አልሄድኩም። ዝናብ ዩኒፎርሜን አጣብቆብኝ ጋሽ ተፈራ ቤት ገባሁ። እትዬ አሰገደች ትኩስ ቦይና፣ ያው የእኛ ጎደሬ፣ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡልኝ፤ አፌ እየተቃጠለ የአተሩን ነገር አስረዳሁ።

«ትምህርት ቤቱ ለአባትሽ ጠበቃ ቆመ እንዴ?» አሉ ጋሽ ተፈራ። «እሺ፣ ኮርማውስ?»

«የጎረቤታችን ቀይ ላም አምና ከእሱ ቀይ ወልዳለች። እሱም ቀይ ደብቋል ማለት ነው። የእርስዎ ላም እናትስ ምን ነበረች?»

ቦይናቸውን መላጥ ጀመሩ። እትዬ አሰገደች ከጓዳ ብቅ አሉ። «አንተ ሰው፣ ዳሜን ረሳሃት? ደም የመሰለች ቀይ አልነበረች? የሸጥካት ቀን እህል አልቀመስኩም እኮ!»

«ዳሜ…» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ የያዙትን ቦይና እያስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አነሱ። በአንድ ሞተር ሳይክል ተጭነን፣ ጭቃ እየተረጨብን እኛ ቤት ደረስን።

አባቴ ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሳና፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

አባቴ ጥጃዋን ፈታና ገመዷን አስያዛቸው። «እንግዲያው ጋሼ፣ ስሟን እርስዎ ያውጡላት።»

«ዳሜ ትሁን» አሉ። አባቴ ሳቀ፤ ፍንጭቱን ስንት ጊዜ ናፍቄው ነበር!

ይህን ሁሉ ባጃጁ እስኪንቀሳቀስ ለልጄ አወራኋት። የህዋስ ክፍፍልን ደረጃ ብትጠይቀኝ አንዱንም አላስታውስም፤ ከባዮሎጂ የቀረኝ ይኸው ነው። ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ የቆየው ሹፌር፣ «እኔ ግን አሁንም ጥጃዋን እጠረጥራለሁ» ሲል ልጄ ከት ብላ ሳቀች።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጄ አላየችውም። እኔ ፍንጭት የለኝም፣ አባቷም የለውም። እሷ ግን ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መሀል ያ ክፍተት፣ የእሱ፣ ቁልጭ ብሎ ታየ።