በጋሪ ላይ የተኛው ሰይፈኛ

ቅዳሜ ጠዋት ፕላን ነዳፊው የምግብ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ካርታውን ዘርግቶ፣ እርሳሱን በምላጭ ይቀርጽ ነበር። በሥራ ቀን የሰው ቤትና የቦይ መስመር ይነድፋል፤ ቅዳሜ ደግሞ የሌለ አገር። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «በዚህ ዕድሜው ጨዋታ!» እያሉ ይሥቁበታል፤ እሱ መስሚያዬ ጥጥ ነው ብሎ አስራ አንድ ዓመት ዘልቋል።

ጨዋታው ለማያውቀው እንዲህ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና ታሪኩን ያወራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። አጫዋቹ ዋሻውን፣ ጠላቱን፣ ዝናቡን ያመጣና «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የተጫዋቹ ብቻ ነው፤ የሚያጠራጥረውን የሚወረወረው ባለ ነጥብ ዳይስ ይፈርደዋል። አጫዋቹ ፕላን ነዳፊው ነው። ታክሲ ነጂዋ ሌባ ናት፣ በጨዋታው ማለቴ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ፣ ያ ነፋስ የሚወስደው ቀጭን ሰው፣ በር የማያስገባው አንድ ዓይና ሰይፈኛ ነው።

ጠረጴዛው የራሱ ቋንቋ አለው። አንድ ተጫዋች ከቀረ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ «ተኝቷል» ይባልና የተቀሩት በጋሪ ጭነውት ይጓዛሉ። ከውጊያ በኋላ «አረፈ» ከተባለ ደግሞ ቁስሉ ሁሉ ሽሮ ጉልበቱ ተመለሰ ማለት ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «አረፍን!» እያሉ ሲጨፍሩ ኖረዋል።

ልብስ ሰፊው በጉበት በሽታ ሆስፒታል ከተኛ ሦስት ወሩ ነው። ሰይፈኛውም ጋሪ ላይ ከተኛ እንዲሁ ሦስት ወሩ። ሊጠይቁት የሄዱ ጊዜ የፕላን ነዳፊውን እጅ ይዞ፣ «ስማ አንተ፣ ያንን ሰውዬ ሳልሞት ቀስቅስልኝ። ጋሪ ላይ ጥላችሁኝ እንዳትቀሩ» አለው።

«በሚመጣው ቅዳሜ አዘጋጅቼ እመጣለሁ። እዚሁ አልጋህ ላይ እንጫወታለን» ብሎ ማለለት።

ማለለት! ቅዳሜ መጣ፣ ካርታው አላማረውም። በሁለተኛው ቅዳሜ የምሽጉ በር ልኩን ሳተበት። በሦስተኛው የጠላቱን አለቃ ጠላው፤ ጠላት ሊጠላ አይደለም እንዴ የተፈጠረው? ታክሲ ነጂዋ «እንሂድ እንጂ!» ባለች ቁጥር «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላታል። ልብስ ሰፊው ራሱ አንድ ቀን በሰለለ ድምፅ ደውሎ፣ «ካርታ ማን ጠየቀህ? አንተ ና» ብሎታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ካርታው ሰበብ ነው። የጓደኛውን ቢጫ ዓይንና የተነፋ ሆድ ካየ ወዲህ ያንን ክፍል ፈርቶታል። ሊቀሰቅሰው መሄድ ሊሰናበተው መሄድ መሰለው፤ ስለዚህ ከወረቀት ጀርባ ተደበቀ። እንዲህ ያለውን ፍርሃት አያድርስ ነው።

ለስምንተኛው ቅዳሜ ግን ቆረጠ። አርብ ማታ ለልብስ ሰፊው እህት፣ «ነገ ስምንት ሰዓት እንመጣለን። ረጅም ጨዋታ ስለሆነ እባክሽ በደንብ እንዲያርፍ አድርጊ» ብሎ ጻፈላት። ካርታውን በሆስፒታሉ የምግብ ትሪ ልክ ቆረጠው። ዳይሶቹን አንድ በአንድ በሳሙና አጥቦ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ከተታቸው። የሰይፈኛው ጉልበትና ቁስል የሚመዘገብበትን ወረቀት አወጣ፤ «ሁኔታ» ከሚለው ጎን በእርሳስ «ተኝቷል» ተብሎ ተጽፏል። እዚያው ልብስ ሰፊው ራሱ እንዲያጠፋው ላጲስ ጨመረበት።

ሦስት ሰዓት ላይ የእህትየዋ መልእክት ገባ። «ወንድሜ ንጋት ላይ አርፏል። ለጓደኞቹ ንገርልኝ» ይላል።

ከወንበሩ ብድግ አለ። «እማዬ! አርፏል!»

እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቁልፍ ይተክሉ ነበር። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ ይህችን ግን ሰሟት። «ውይ! ውይ ልጄን! ነፍሱን ይማር» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኧረ እማዬ፣ አታሟርቺ! እንቅልፍ ወሰደው ማለቷ ነው። እኔ ነኝ እንዲያርፍ አድርጊ ያልኳት።»

እናቱ መርፌያቸውን እንደያዙ አዩት። እሱ ለታክሲ ነጂዋ መጻፍ ጀምሮ ነበር። «ደስ ይበልሽ! አርፏል! ስምንት ሰዓት እንዳትቀሪ።»

ከዚያ የሰይፈኛውን መንቂያ ሊጽፍ ተቀመጠ። ሰባት ቅዳሜ እምቢ ያለው ቃል ዛሬ እንደ ውሃ ወረደለት። እያፏጨ ጻፈ። ምስኪን፣ ከሦስት ወር ወዲህ ደስ ያለው ያችን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ደውልላት» አሉ እናቱ ቀስ ብለው።

«እሺ እማዬ፣ ይቺን ልጨርስና።»

ታክሲ ነጂዋ ሳታንኳኳ ገባች። የመኪናዋ ሞተር ደጅ ላይ እንደተነሣ ነው።

«ደስ ይበልሽ?» አለችው። «ሰው ሞቶ ደስ ይበልሽ?»

«ማን ሞተ?»

ልታዋርደው ነበር የመጣችው። ግን የተቆረጠውን ካርታ አየች፣ ዳይስ የያዘውን ካልሲ አየች፣ ፊቱን አየች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እህቱ ጋ ደውዬ ነው የመጣሁት። አስከሬኑን ሊያወጡ ወረቀት እያስፈረሙ ነው። አርፏል ያለችህ እንደ ሰዉ ነው እንጂ እንደኛ አይደለም።»

ስልኩን አንሥቶ መልእክቱን እንደገና አነበበው። አንድም ፊደል አልተለወጠም።

«ዛሬ ልንሄድ ነበር እኮ» አለ።

«ዛሬ! ሰባት ቅዳሜ ለመንኩህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!» ድምፅዋ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እናቱም መስኮቱ ሥር ሆነው አለቀሱ። እሱ ማልቀስ አልቻለም፤ ላጲሱን ብቻ ያገላብጣል።

ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና ሲጽፍበት ወደ ነበረው ወረቀት ጠቆመች። «ምን ጻፍክለት? አንብብልኝ።»

ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንደ ወትሮው የአጫዋች ድምፁን ሊያወጣ ሞከረ። «ጋሪው ቆመ። ፀሐይ ፊትህ ላይ ወጣች። ጓደኞችህ ከጎንህ ናቸው፤ አንዳቸውም ጥለውህ አልሄዱም። ዓይንህን ገለጥክ። ምን ታደርጋለህ?»

«ከዚያስ?»

ወረቀቱን አዙሮ አሳያት። ከጥያቄው በታች ባዶ ነው።

«ከዚያማ» አለ፣ «መልሱ የሱ ነው።»