የአክስቴ ዓሦች

አክስቴ ዓሦቹን ለማስፈታት የተሳሉት ልጃቸው ኢሚግሬሽን እስር ቤት በገባ ሰሞን ነው። የኦክላንድ ቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናኑን ውቅያኖሱ ዳር ለሽርሽር ወስዶ ነበር፤ እኔም ከሳን ሆዜ ተራራውን ተሻግሬ ደረስኩባቸው።

እዚያ ወንዙ ባሕር ሳይገባ የሚተኛበት ሰፊ ውሃ አለ። በበጋ ማዕበሉ አሸዋ እየከመረ አፉን ይደፍነዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ይከፍተዋል። የሄድነው ተደፍኖ ሳለ ነው። አክስቴ ከዳር ቆመው የሚዘሉትን ትራውት የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አዩና፣

«እነዚህም ታስረዋል» አሉ። «እነሱን ባስፈታ፣ እግዜርም የእኔን እስረኛ አይረሳብኝም።»

ይኼን ጊዜ ሥጋ በልተው የደከማቸው ወንዶች ተነቃቁ። ለከሰሉ የመጣው አካፋ ወጣ፤ የድስት ክዳንም፣ የልጆች ባልዲም ተጨመረ። ደቦ ሆነ።

ማንም ሳይጠይቀኝ ተቃወምኩ። መዘጋቱ ለዓሣው መልካም ነው አልኩ። ከወንዙ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ትንንሾቹ እዚያ ሲበሉ ከርመው ለባሕር የሚያበቃ ጉልበት ያገኛሉ። ከታች የቀረው ጨዋማ ውሃ ግን አየር አጥቶ በስብሷል። አፉን ድንገት ብትከፍቱት መልካሙ ውሃ ወደ ባሕር ይሮጣል፣ ለእነሱ የሚቀርላቸው የሚያፍናቸው ነው። ደግሞም ክልክል ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ነጻነትንም ትቃወማለህ?» አለኝ አካፋ የያዘው። ሳቁ።

«ነጻነትን አይደለም፣ አካፋውን ነው።» ይኼኛው አላሳቃቸውም።

«የእህቴ ልጅ፣ እባክህ» አሉ አክስቴ፣ «ዛሬ እንኳን ሟርትህን ዋጠው።»

ቦዩ ተከፈተ። ውሃው እየጮኸ ወጣ፤ እልልታው ከእሱ በለጠ። አክስቴ አለቀሱ። ሰው መልካም ሥራ እየሠራሁ ነው ብሎ የሚያምንበትን ያህል የሚያስፈራኝ ጊዜ የለም።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። «ምነው ተሳስቼ በነበር» የሚሉ ሰዎችን አላምንም፤ ያን ቀን ግን እውነትም ተሳስቼ ብገኝ እመርጥ ነበር። ዓሦቹ ጭቃው ላይ ሆዳቸውን ገልብጠው ተኝተዋል፣ የባሕር ወፎቹ ዓይን ዓይናቸውን ይለቅማሉ። ለአክስቴ ደወልኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። 

«ተናግረህ ገደልካቸው» አሉኝ።

ይኼው ወሬ ቤተ ክርስቲያኑን አዳረሰ። አካፋው ነጻ ወጣ፣ አፌ ተፈረደበት። የታችኛው ውሃ አየር እንደሌለው የሚያምን አንድ ሰው ጠፋ፤ በክፉ አፍ ግን ዲግሪ ያለውም የሌለውም ያምናል።

የልጃቸው የኮርት ቀጠሮ ሲደርስ ከቆፋሪዎቹ አንዱም ከሥራ ፈቃድ አላገኘም። የተገኘው የእኔ መኪና ነው። አክስቴ ከኋላ ተቀመጡ።

«ስለ ልጄ ምንም እንዳትናገር» አሉኝ ገና በር ሲዘጉ። «እንዳታስብም።»

መናገሩን መተው ይቻላል። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው የልጃቸው ጠበቃ፣ ሎየሩ፣ የሚደውለው ለእኔ ነበር፤ ትናንት ማታ ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ንገራቸው ብሎኛል። ዩኒየን ሲቲን አለፍን። ከዚያ ወደፊት ጠጋ አሉ።

«ሎየሩ ደውሏል?»

«ደውሏል።»

«ምን አለ?»

በመስታወቱ አየኋቸው። የሚያዩት አፌን ነው።

«እንዳትናገር ብለውኛል እኮ» አልኩ።

«ብያለሁ» አሉ ቶሎ ብለው፣ «ብያለሁ»፤ በነጠላቸውም የገዛ አፋቸውን ሸፈኑ።