አቶሙ ሲጨመቅ ማን አሸነፈ?

«ጨመረ አይደል? በቃ፣ አሸነፍኩ!» ብሎ ተስፋዬ ዛሬ ጠዋት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ አሰብ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ስንሠራ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። እሱ የጋዝ መጭመቂያው ላይ ነበር፤ ጋዝ ሲጨምቅ የሚውል ሰው ደግሞ ሁሉንም እንደ ጋዝ ነው የሚያሰላው። «አቶምን ግማሹን እስኪያክል ብትጨምቀው ኒውክሊየሱ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ጥግግት እጥፍ ይሆናል» አለ።

እኔ «ንቅንቅ አይልም» አልኩ። ተኮራረፍንና አልጋውን ይዞ ደጅ ወጣ። (በአሰብ ሙቀት ነፋሱ ያለው ደጅ ስለሆነ የተቀጣሁት እኔ ነኝ።)

ትናንት ፊዚክስ የምታስተምረው ልጄ በኮምፒውተር አሰላችልኝ። ኒውክሊየሱ አጠገብ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ራሱ ኒውክሊየሱ አጥብቆ ስለያዛቸው፣ ከውጭ ሲጨመቅ የሚጨምረው ለምልክት ያህል ብቻ ነው።

የደወልኩለት ሁለታችንም ተሳስተናል ልለው ነበር።

እንዲህ ያለ ያላለቀ ክርክር ያላችሁ እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሸነፍ።