አማት ያወጣችው ስም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዶክተር ሰይፉ ፈሳሽ የምንለካበትን ፒፔት አላስነኩኝም። የማይለቅ እስክሪብቶ ሰጡኝና ቀኑን ሙሉ የናሙና ቱቦ ላይ የታማሚ ስም ስጽፍ ዋልኩ። «ስሙ ከተሳሳተ ማሽኑ ምንም ቢራቀቅ ዋጋ የለውም» አሉኝ። ተናደድኩ። ዲግሪ ይዤ መጥቼ ስም ጸሐፊ!

ቤተ ሙከራችን አዲስ አበባ ነው። ከታማሚዎች የወጣ እብጠት በሰም ተደርጎ ይመጣልናል። ስስ አድርገን እንቆርጠዋለን፣ ዲኤንኤውን እናወጣለን፣ ማሽኑ ያነበዋል። ካንሰር ይዋለዳል፤ ልጁ የአባቱን ምልክት ይዞ የራሱን ይጨምራል። እኛ የዘር ሐረጉን እንቆጥራለን።

ከዓመታት በኋላ ከሐይቅ ከተማ ሴቶች የተወሰዱ ሁለት የጡት እብጠቶች አወዳደርኩ። የቆየው የጦይባ አሊ፣ አዲሱ የትሁነኝ አሊ ነው። ማሽኑ ግን የአንድ ሰው ናቸው አለ።

ዶክተር ሰይፉ መነጽራቸውን አወለቁ። «አደባልቀሻል።»

«ኧረ አላደባለቅሁም!»

«ታዲያ ቱቦው በእግሩ ሄዶ ነው?»

ከሰሙ እንደገና ቆርጬ ደገምኩ። ያው ነው። የትሁነኝ ሐኪም አዲስ በሽታ ነው ብሎ የተለመደውን መድኃኒት ሊጀምርላት የእኛን ውጤት ይጠብቃል። ዶክተር ሰይፉ ሁለቱንም ናሙና ሊሰርዙ ሲሉ «ከሁለቱም ሴቶች ደም አምጥቼ ላመሳክር» ብዬ ለመንኳቸው።

«የአገርሽ ሰዎች ናቸው፤ ሂጂ» አሉኝ።

የበረዶ ሣጥኔን ታቅፌ ሐይቅ ከተማ ከሚኒባስ ወረድኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደውላ ካስፈቀደች በኋላ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ትሁነኝ ቤት ወሰደችኝ። አማቷ እትዬ ፋጡማ በር ላይ ተቀበሉን። «አብሽሪ፣ ግቢ» አሉኝ።

ደሟን ቀድቼ ስሟን ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ነርሷ ጠጋ ብዬ «አሁን ደግሞ ጦይባ አሊ ጋ ውሰጂኝ» አልኳት።

ትሁነኝ ሰምታ ሳቀች። «እህቴዋ፣ ደግመሽ ልትቀጂኝ ነው? ጦይባም እኔው ነኝ። ያባቴ ቤት ስሜ ነው።»

ፊቴ ጋለ። የእኔው እናት ሁለት ስም ነበራት። በአገሬ ሙሽራ ስትገባ አማት ስም እንደምታወጣላት እያወቅሁ፣ ቱቦ ሳይ ኖሬ ረሳሁት። ትሁነኝ ድሮ መታመሟን ለሐኪሟ ነግራው ነበር። በትሁነኝ ስም ግን የቆየ ካርድ አልተገኘም፤ እብጠቱም በሌላው ጡቷ ስለወጣ አዲስ መሰለው።

«ታማ መዳኗን አውቄ ነው ለልጄ ያጨኋት» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ሰው ሁሉ ተይ አለኝ። እኔ ሴት ልጄን ቀብሬያለሁ። ይችስ ትሁነኝ ብዬ አወጣሁላት።»

እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

እዚያው ሆኜ ለዶክተር ሰይፉ ደወልኩ። ሁለቱም እብጠቶች የእሷው መሆናቸውን ደሙም በኋላ አረጋገጠ። አዲሱ እብጠት የቆየውን ምልክት ሁሉ ይዞ የራሱን ጨምሯል። የድሮው ካንሰር ልጅ ነው፤ የመጀመሪያውን መድኃኒት ለምዶታል። ሐኪሟ ሌላ መድኃኒት ጀመረላት። ዶክተር ሰይፉም «ቱቦው አልሄደም፤ ይቅርታ» አሉኝ።

ቅጻችን ላይ «ሌላ ስም» የሚል መስመር አስጨመርኩ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እኔም መጀመሪያ እስክሪብቶ ነው የምሰጠው።

ዛሬም ወደ ሐይቅ ስደውል ስልኩን የሚያነሱት እትዬ ፋጡማ ናቸው።

«ትሁነኝ አለች?» እላለሁ።

«አለችልኝ» ይላሉ።

ናሙና ከመሰረዛችሁ በፊት የሰጠችውን ሴት ስንት ስም እንዳላት ጠይቋት።