ቀፎው የማን ነው

ያ ፖሊስ ሁልጊዜ «እትዬ» ነበር የሚለኝ። ቴፒ ላይ ጠጅ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ደንበኛዬ ነው፤ አንድ ብርሌ ጠጥቶ፣ አመስግኖ የሚሄድ ጨዋ ልጅ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መጣና ደጄ ላይ ቆሞ በስሜና በአባቴ ስም ጠራኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። የሚያውቅሽ ሰው እንደማያውቅሽ ሆኖ ሲጠራሽ ነገር እንዳለ ይገባሻል።

«አንቺ፣ ቀፎውን አውርጂ» አለኝ።

ቀፎው ደጄ ካለው ዋንዛ ላይ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳይሞት የሰቀለው ነው፤ ንብም አለበት። ለጠጅ ቤቱ ምልክት ሆኖልኝ ነበር። ሰው «ቀፎዋ ጋ እንገናኝ» ነበር የሚባባለው።

«ምን አጠፋ ቀፎው?»

«የምርጫ ቅስቀሳ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት በረኛው ለምርጫ ቀርቦ ነበር። በረኛው የምንለው የከተማችን እግር ኳስ ቡድን በረኛ ስለነበረ ነው። ሰርግ ሲኖርም ክራር ይመታል፣ የባለሥልጣኑንም የሹፌሩንም የቄሱንም ድምፅ እያስመሰለ ሰው በሳቅ ይጥላል። የመንግሥት ሰዎች «በእኛ በኩል ግባ» አሉት። ተቃዋሚዎቹም «ከእኛ ጋር ሁን» ብለው ለመኑት። ለሁለቱም የመለሰው አንድ ነው፦ «እኔ ሜዳ ላይ ብቻዬን መቆም የለመድኩ ሰው ነኝ፤ እዚያው ብቆም ይሻለኛል።» በግሉ ገባ። ምልክት ምረጥ ሲባል ቀፎ አለ፤ የጫካውም የከተማውም ሰው የሚያውቀው ስለሆነ። የእኔን ቀፎ አስቦ አይደለም። እኔም ለእሱ ብዬ አልሰቀልኩም።

ይህንኑ ለፖሊሱ ነገርኩት። ከኋላው የቆመው ግን፣ «አውርጂ ተብለሻል!» አለ።

«ልጄ፣ ንብ በቀን አይነካም። ይምሽና በጭስ ይወርዳል።»

«አሁን!»

«እንግዲያስ አንተው አውርደው።»

አወረደው። ማለት፣ በዱላ ገፋው። ንቡ ግር ብሎ ወጣባቸው፤ ኮፍያቸውን ጥለው ወደ ገበያው ሲሮጡ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ጎረቤቴ ከአጥሯ ላይ ሆና «ንቡም መርጧል!» ብላ ጮኸች። መንደሩ በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅኩም። ልጄ ወባ ይዟት ጓዳ ተኝታ ነበር፤ ሮጬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሲመለሱ ብዙ ሆነው ነው። «ሕግ አስከባሪ ላይ ንብ ለቃለች» ተባልኩ። «ልጅቷን ለጎረቤት ላስረክብ» ብል «ጎረቤትሽ ጆሮ አላት፣ ሰምታለች» አሉኝ። ልጄ ከጓዳ «እማ» ስትል እየሰማሁ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል የቡና መጋዘን የነበረ ነው። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ያልተፈለፈለ ቡና፣ ጀንፈል፣ ቀርቶ፣ ዝናብ ሲመጣ የሻገተ ቡና ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እርስ በርስ አያሰማም። በር ላይ ነጠላዬንና መቀነቴን ወሰዱብኝ። ለምን ብል ፈታሿ «ራስሽን እንዳታንቂበት» አለችኝ። ራሴን ማነቅ በሐሳቤም አልነበረ። የታመመ ልጅ ያላት ሰው ለዚያ ምን ጊዜ አላት?

ውስጥ አንዲት የሸኮ እናት ነበሩ፣ በመሬት ጠብ የገቡ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚሉት። «አንተ አታልቅስ» አሉኝ። «ዛሬ ሁሉን አልቅሰህ፣ ነገ ምን ታለቅሳለህ?» ከተቀቀለ ጎደሬያቸው ገምሰው ሰጡኝ። አልወርድ አለኝ፤ እሳቸው ግን እስክውጠው ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ከግድግዳው ማዶ፣ ከወንዶቹ ክፍል፣ የማውቀው ድምፅ መጣ። በረኛውን አምጥተውታል። እንደ ሬድዮ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«ውድ አድማጮቻችን፣ ጨዋታው እንደቀጠለ ነው! ኳሷን ቁንጫ ይዟታል፣ ቁንጫ ለትኋን፣ ትኋን በግራ መስመር እየገሰገሰ ነው... እስረኛው ተኝቷል! ተከላካይ የለም! ጎል! እስረኞች አቤቱታ እያቀረቡ ነው፣ ዳኛው ግን አላየም። ዳኛው ቢሮ ነው ያለው!»

ወንዶቹ አውካኩ። ውጭ ያለው ዘብ ሳይቀር ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ የጫማ ኮቴ መጣ፣ በር ተከፈተ፣ የጥፊ ድምፅ ተሰማ። ቆይቶ ያው ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «አድማጮቻችን፣ ሜዳው ስለጨቀየ ጨዋታው ለጊዜው ተቋርጧል» አለ።

የሸኮዋ እናት የተባለው ሳይገባቸው ሳቁ። እኔም የዚያን ጊዜ ብቻ ሳቅሁ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ድምፁ ለስላሳ። «ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «ቀፎውን ስቀይ ያለኝ በረኛው ነው፣ ንቡንም በፖሊስ ላይ ልቀቂ ያለኝ እሱ ነው ትያለሽ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«ልጄ እንዴት ናት?»

«በይና ሄደሽ እያት።»

እኔ የማልል ከሆነ እዚያው እቀራለሁ። ካልኩ ደግሞ በረኛው ከምርጫውም ይወጣል፣ እስሩም ይጠናበታል። ይህን ለመረዳት ትምህርት አይጠይቅም።

እሱን አስገቡት። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። በር ላይ የቆመው ፖሊስም በንቡ ተነድፎ አንድ ዓይኑ እንደዚያው ነው። በረኛው አየት አደረገውና «አንተንም ያው ንብ ነው?» አለው። ፖሊሱ ወደ መሬት አየ።

«ተናገሪ» አለኝ መርማሪው።

በረኛው ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ልጅቷ ደህና ናት?»

«ወባ ይዟት ጥያት ነው የመጣሁ።»

ቀልዱ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። «እንግዲያው ይበሉት» አለኝ። «የሚሉዎትን ይበሉና ይሂዱላት። አልቀየምዎትም። ስንት ኳስ ገብቶብኛል፣ ይቺ አትገድለኝም።»

መርማሪው ፈገግ አለ። «ሰማሽ? ባለቤቱ ፈቅዷል።»

ከልክሎኝ ቢሆን፣ ወይም ቢለምነኝ፣ ምን እንደምል አላውቅም። እንድዋሽበት ከፈቀደልኝ በኋላ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣም አለ።

«መቀነቴን ስጡኝ» አልኩ።

«ምን?»

«እማኝ ሁኚ ካላችሁኝ መቀነቴን አምጡልኝ። እናቴ ወገቧን ሳታስር ምስክር ቆማ አታውቅም። እንዲህ ተዝረክርኬ አልናገርም።»

ልናገርለት መስሎት አስመጣልኝ። ታጠቅሁ። ቋጠሮው አልያዝ ብሎኝ ደግሜ አሰርኩት። ከዚያ ተናገርኩ።

«ቀፎው የባሌ ነው። የሰቀለውም ባሌ ነው። የገፋው የእናንተ ሰው ነው። ይሄ ልጅ ቤቴ ሲመጣ ብርዝ ነው የሚጠጣው፣ ለኳሱ ብሎ። ሌላ የማውቀው የለም።»

መርማሪው «ልጅሽስ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ብመልስ አለቅስ ነበር፤ እነሱ ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም። በረኛው እጁ እንደታሰረ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ጎረቤቴ ስንቅ ይዛ መጥታ፣ እንደ ደንቡ ዘቡ ፊት ቀምሳ ስታስገባ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ልጅቷ ኪኒን ወስዳ ላብ ወጥቷታል! በልታለች!» ብላ ጮኸችልኝ። ያቺ ሴት ዝም ማለት አትችልም፤ እግዜር ይስጣት።

ምርጫው እኛ እዚያው እያለን አለፈ። በረኛውን ቀድሞውኑ ሰርዘውታል። እኔን ፈቱኝ፣ እሱ ቆየ። ስወጣ ያ ደንበኛዬ ፖሊስ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ሳይቆም፣ «እትዬ፣ እዚህ አይቆዩ። ሌላ ክስ እየተፈለገልዎት ነው» ብሎኝ አለፈ።

በረኛው ዛሬም አለ። ፀጉሩ ሸብቷል ይሉኛል። ስብሰባ ሲጠራ ብቻውን ተነሥቶ ያመነበትን ይናገራል፤ ያኛውም ይኸኛውም ወገን የእኛ ነው አይለውም። «ምን አተረፈ?» የሚል አለ። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። የማውቀው ራሱ መውጫ አጥቶ ሳለ ለእኔ መውጫ እንደሰጠኝ ነው።

ከእስር በወጣሁበት ቀን ልጄን ይዤ ሙዝ በጫነ አይሱዙ ወደ ጌጫ፣ ወደ እኅቴ ወጣሁ። ዳገቱን በወጣን ቁጥር ሙቀቱ እየቀረ ጉሙ ወረደብን። ኬላ ባየሁ ቁጥር ልጄን ወደ እኔ እስባለሁ። ማንም አላስቆመን። ሹፌሩ እኅቴ በር ላይ አወረደን።

እኅቴ በሩን ከፍታ ሳታምን አየችን። «በሞትኩት! ከየት ነው?»

«ከቴፒ።»

«ደህና ናችሁ?»

የልጄን ግንባር ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

«ደህና ነን» አልኳት። «ተርፈናል።»