ለእናቴ የገዛኋት መኪና

ጓደኞቼ በተጠራጣሪነቴ ይቀልዱብኛል። ባለቤቴማ «ይሄ ሰው ጠበል ቢሰጡት እንኳ ከየት እንደተቀዳ ሳይጠይቅ አይጠጣም» ትላለች። እኔም አላፍርበትም ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ጎንደር ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ያልለካሁትን ነገር አላምንም። መኪና ልግዛ ብዬ የተነሳሁ ጊዜ ታዲያ ቤተሰቡ ሁሉ አሳሩን በላ።

መኪናዋ የምትገዛው ለእናቴ ነበር። እናቴ የምትኖረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ከደጃፏ አዳልጧት ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ተጠግኖላት በከዘራ ትሄዳለች፤ ነገር ግን በየወሩ ጎንደር እየወረደች መታየት፣ እግሯንም በባለሙያ መታሸት አለባት። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ክትትሉን ካቋረጡ በከዘራ መሄዱም ይቀራል፤ አልጋ ላይ ነው የሚውሉት» ብሎኛል። ቀጠሮዋ ከገበያ ቀን ጋር ሲገጥም ሚኒባሱ ጢም ብሎ ይሞላና ቦታ ታጣለች። እንዲህ እየሆነ ሁለት ወር በተከታታይ ቀረች። ሦስተኛውንም እንዳትቀር ፈራሁ። ያለንን ጥሪት አሟጠን አንዲት የቤት መኪና ለመግዛት ከባለቤቴ ጋር ተስማማን።

ባለቤቴ አዲስ ይሁን አለች። አዲስ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቤንዚን የሚጠጣ አዲስ መኪና ወደ አገር መግባት ከተከለከለ ወዲህ ምርጫ የለም። አንድ መሸጫ ገባን። ነጭ መኪና፣ ወንበሩ ላስቲኩ አልተነሳም፣ ሽታው ራሱ የሀብታም ነው። ሻጯ ልጅ ፈገግታዋ አያልቅም፤ «በአንድ ቻርጅ ባሕር ዳር ደርሰው ይመለሳሉ» አለችኝ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ወደ እናቴ አገር የሚያወጣውን የወገራን ዳገትስ? ብርዱስ? መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋስ? ባትሪው ቢሞት ማን ይጠግነዋል? ለሁሉም «ችግር የለም» ብላ መለሰች። ችግር የለም የሚል ሰው ፊት ስቆም ኪሴን የመዳበስ ልማድ አለኝ። ወጣን።

ወደ አሮጌዎቹ ዞርን። ለእነሱ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አንድ ማግኔት ተውሼ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። የተገጨ መኪና በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ሲቀባ ዓይን ያታልላል፤ ማግኔት ግን ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። የመጀመሪያው ደላላ በቅዱስ ሚካኤል ስም እየማለ ያሳየን መኪና ላይ ማግኔቱን ሳስጠጋ ከኮፋኖው እስከ ኋላ በሩ ድረስ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ወደቀ። ደላላው ማግኔቱን አንስቶ «መምህር፣ ይሄ ነገርዎ ተበላሽቷል» አለኝ። ሁለተኛው ደላላ እንደሚለው ለብር ብሎ አይደለም፣ ለእኔ አዝኖ ነው የሚሸጥልኝ። የሦስተኛው መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚያሳየው ትንሽ ቁጥር ከፍሬን መርገጫው መበላት ጋር አልታረቅ አለኝ። መካኒክ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። መካኒኩ ከደላላው ጋር ሲጠቃቀስ ያየሁ መሰለኝና እሱን የሚከታተል ሌላ መካኒክ ያዝኩ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ አብራኝ መዞር ተወች።

በመጨረሻ ያለ ደላላ የራሳቸውን መኪና የሚሸጡ አንድ ሐጂ አገኘሁ። ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናዋ የጃፓን ሥሪት፣ ያገለገለች ናት። ማግኔቴን ከኪሴ ሳላወጣ እሳቸው ቀደሙኝ።

«የግራውን በር ልጄ አጋጭቶት ተሠርቷል። ዳገት ላይ ውኃዋ ይሞቃል፤ ቆም ብለህ ማብረድ ነው። ሌላ የማውቀው ነውር የላትም። ነውሯን ደብቄ ብሸጥልህ ገንዘቡ አይረጋልኝም።»

ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። ሻጭ ሆኖ የራሱን ዕቃ የሚያማ ሰው አይቼ አላውቅም። ትንሿን ነውር የሚናገረው ትልቋን ለመደበቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ለማን ነው የምትገዛት?» አሉኝ።

አባቴ የከብት ገበያ ሰው ነበር። ገበያ ስትወጣ ችግርህን እቤትህ ትተህ ውጣ ይለኝ ነበር። ክረምት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የሚያርስበትን በሬ ሲገዛ እንኳ ሻጩን «ለቅርጫ ነው» ይለዋል፤ የቸገረው መሆኑ ከታወቀ ዋጋው ሰማይ ይወጣላ። ስለዚህ ሐጂን «ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማመላለስ ነው» አልኳቸው።

«ይሁን። ብቻ የሚቀመጥባትን ሰው አምጥተህ አስቀምጠህ ሞክራት፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉ።

አሃ፣ አልኩ በልቤ። ቤተሰቤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሲደሰት አይተው ዋጋ ሊያጠብቁብኝ ነው። እናቴን ማንም ሻጭ እንዳያያት ወሰንኩ። ሐጂም ደግመው አልጠየቁኝም። ሁለቱ መካኒኮቼ ሁለት ቀን ሙሉ ፈታተሿት። ሊብሬውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቦሎውን አጣራሁ። ሐጂ ከነገሩኝ ሌላ እንከን ጠፋ። የፈለግሁት ጉድ ስላልተገኘ እየተናደድኩ ገዛኋት።

የእናቴ ቀጠሮ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወደ ላይ ነዳሁ። ዳገቱ ላይ፣ ኮሶዬ ልደርስ ስል፣ ልክ እንደተባልኩት፣ ውኃዋ ሞቀ። ቆሜ አበረድኳት። ደስ እያለኝ ነበር፤ የተታለልኩ ሰው አልነበርኩም።

አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ጎረቤቱ እልል አለ። እናቴ የጸዳ ነጠላዋን ለብሳ፣ በከዘራዋ መኪናዋን ዞራ አየቻት። «ሸጋ ማኪና ናት፣ እሰይ የኔ ልጅ» አለችና በሩን ከፈትኩላት።

መግባት አልቻለችም። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የተጠገነው ዳሌዋ ደግሞ ያን ያህል አይታጠፍም። በጎን ሞከረች። በጀርባዋ ሞከረች። ጭንቅላቷ ከጣሪያው ተላተመ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ መደገፊያውን ዘረጋሁት። ስትቃትት ለመሸፈን «ቆይ፣ ቆይ፣ ልግባ» ትላለች። ፊቷ ላይ ላብ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ምነው ከኋላ ጋደም አድርጋችሁ ብትወስዷት?» አሉ።

«በሉ ተዉ አያ!» አለች እናቴ። ተቆጥታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። «ተጋድሜ ከዚህ ደጅ ልውጣ? ለቅሶ ልታስጠሩብኝ ነው? ሬሳ ነኝ ወይ?»

ልክ ናት። በእኛ አገር ተጋድሞ በመኪና የሚወጣ ሰው ያየ ሁሉ ሞተ ብሎ ደረቱን ይደቃል።

ያን ጊዜ ሚኒባሱ ክላክሱን እያሰማ መጣ። ሹፌሩ ያውቃታል፤ ጋቢና የተቀመጠውን ሰው ለምኖ ወደ ኋላ አዛወረላት። እናቴ መያዣውን ጨብጣ፣ ደህናውን እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ብድግ አለችና ተቀመጠች። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ዳሌዋን ብዙ ማጠፍ አላስፈለጋትም። አንድ ቅንጣት አልቃተተችም። እኔ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ እንዴት እንደምትሳፈር አላየሁም ነበር።

ባዶ መኪናዬን እየነዳሁ ሚኒባሱን ጎንደር ድረስ ተከተልኩት። አፈርኩ። ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ። ዓይኔን እንባ ሲጋርደው መስታወቱ ጉም ለብሷል ብዬ በእጄ እጠርገው ነበር።

መናኸሪያ ደርሰን ላወርዳት ስጠጋ ከኋላዋ ተቀምጣ የመጣች ሴትዮ «ልጃቸው አንተ ነህ? መንገዱን ሙሉ ‹ያቺ የምትከተለን ማኪና የልጄ ናት፣ ለእኔ ነው የገዛት› እያሉ ለሹፌሩ ሲነግሩት መጡ» አለችኝ።

እናቴን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። «እምዬ» አልኳት፣ «ዝቅ ያለ ወንበር እንደማይሆንሽ ምነው አልነገርሽኝም?»

ትከሻዬን ተደግፋ በቀስታ ወረደች።

«ስንቱን መካኒክ ስትጠይቅ ከረምህ አሉ» አለች። «እኔን መች ጠየቅኸኝ ልጄ?»