ጌጁን የቀጠልኩበት ሽቦ

አዳማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያደረግሁት ነገር ካልተማረ ሰው ቢመጣ ይቀል ስለነበር ነው።

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ናት። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚሠሩልን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፤ ሙያውን ወንጂ፣ ስኳር ፋብሪካው ጋራዥ ውስጥ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው። እኔን “ባርሲሳ” ነው የሚሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው።

አምና አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ትንሽ ጌጅ አመጣልኝ። ሞተሩ ከአየር ጋር የሚያቃጥለው ቤንዚን መብዛት ማነሱን በመብራት የሚያሳይ ነው። ከቪዲዮ እያየሁ፣ አንድ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ራሴ አሰርኩት። ጭስ ማውጫው ላይ ከፋብሪካ የመጣ ኦክስጅን ሴንሰር አለ፤ ከእሱ ወደ መኪናው ኮምፒውተር የሚሄደውን ሽቦ ላጥኩና የጌጁን ሽቦ ጠምጥሜ በናስትሮ፣ በኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ጠቀለልኩት። ሥራዬ አኮራኝ።

ሞተሩ ሲሞቅ መብራቶቹ መሮጥ ጀመሩ። ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ተመልሰው ደግሞ ወደ ቀይ። አንድ ቦታ አይረጉም፤ ደህና ሴንሰር እንዲህ አይዋልልም ብዬ አሰብኩ። እናቴን ልጠይቅ ደራ ድረስ ስነዳ መንገዱን ሳይሆን ጌጁን ሳይ ሄድኩ። ስመለስ ፍርዴን ጨርሼ ነበር፤ ሽማግሌው ከጥቂት ወራት በፊት ሞተሩን ሲያጥቡ ደህናውን ሴንሰር አውጥተው አሮጌ ገጥመውብኛል።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሄድኩ። ተራ የሚጠብቁ አራት አምስት ሰዎች ነበሩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠሁም።

“ኦሪጅናሉን ሴንሰር የት አደረሱት?” አልኳቸው።

ቱታቸው ላይ እጃቸውን ጠረጉ። “የትኛውን?”

“ጋሼ፣ መሣሪያ አይዋሽም። ይኸው ጌጁ ያሳያል።”

ኮፈኑን ከፈቱና በጣታቸው አሳዩኝ። ሴንሰሩ ዝጎ ከቧንቧው ጋር አንድ ሆኗል። “ይኼ ተፈትቶ ያውቃል?” አሉ ቀስ ብለው። አየሁት። እንዳልተፈታ ገብቶኛል። ግን ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነበርና “እናንተ መካኒኮች የማትችሉት ነገር የለም” ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁት። ዞር ስል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ለእሳቸው አስረክቦት የነበረውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ሲከት አየሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ መንገጫገጭ ጀመረች፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቷም በራ። ለስብሰባ ቢሾፍቱ በሄድኩበት የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር ያላት አንዲት ወጣት ቴክኒሺያን ዘንድ ወሰድኳት። ጌጁን አይታ ፈገግ አለች።

“ይህ ሴንሰር ‘በዛ’ እና ‘አነሰ’ ከማለት በቀር መጠኑን አያውቅም” አለችኝ። “ኮምፒውተሩ ‘በዛ’ ሲለው ይቀንሳል፣ ‘አነሰ’ ሲለው ይጨምራል። መብራቱ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ጤነኛ ነው፤ ቆሞ ቢቀር ነበር የሚያሳስበው።”

ከዚያ መኪናው ሥር ገባች። የጠቀለልኩት ናስትሮ በሙቀቱ ቀልጦ፣ የተላጠው ሽቦ ብረት ይነካ ነበር። መኪናዋን ያሳመማት እሱ ነው።

“ማነው እንዲህ አድርጎ የቀጠለው?” አለች።

“አንድ መካኒክ ነው፣ ናዝሬት” አልኩ። አፌ ፈጥኖ ነው የተናገረው።

“ሁለተኛ እንዳትሰጠው” አለችኝ።

ወደ አዳማ ስመለስ ከሁሉ ያቃጠለኝ ‘አንድ መካኒክ ነው’ ያልኩት የራሴ ቃል ነበር። የመጀመሪያውን ክስ ባለማወቅ ነው ልል እችላለሁ። ይህኛውን እያወቅሁ ነው የዋሸሁት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ሽማግሌው ብቻቸውን ካንዴላ ያጸዱ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸውና “ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

“እኔ እንዳልወሰድኩ እኔ አውቅ የለ?” አሉ ቀና ሳይሉ። “ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሰሙት ንገር።”

የቢሾፍቱንም ተናገርኩ። እጃቸው ቆመ። “ስሜን ጠራህ?”

“አልጠራሁም።”

“እንግዲያስ ያማኸው የቀጠለውን ሰው ነው” አሉና ወደ ካንዴላቸው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ከነበሩት ሦስቱን ደንበኞች አግኝቼ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዱ ረስቶት ነበር። ሹፌሩን ግን ስፈልገው ቆይቼ ወንጂ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ሊቀዳ ሰልፍ ይዞ አገኘሁት። በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

“እኔ እኮ አስተማሪ ነው ብዬ ነው ያመንኩህ” አለ። “አሁን ሌላ ጋራዥ ለምጃለሁ።”

ሰልፉ ተንቀሳቀሰና መኪናውን ወደፊት አስጠጋ። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።